ነፃ ጌም የሚከፈልባት ደቂቃ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላውራችሁ። እንጀራዬ ሰው በነፃ አውርዶ የሚጫወታቸው የስልክ ጌሞች ናቸው፤ የምሠራበትን ቤት ስም ግን አትጠይቁኝ። የእኔ ድርሻ ጌሙ ውስጥ ያለው ሱቅ ነው፦ ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ ብቅ እንደሚል። ውጭ ያለ ሰው የሚያስጨንቀን የሚያምረው ልብስና የሚያብረቀርቀው መሣሪያ ይመስለዋል። ልብሱማ አንዴ ከተሳለ ሚሊዮን ጊዜ ቢሸጥ አያልቅም። የሚያስጨንቀን ሰዓቱ ነው። ተጫዋቹ «እሺ፣ ይሁን» የሚልባትን ደቂቃ ያገኘ ቤት ይበላል፤ ያላገኘ ይዘጋል።

መጀመሪያ ማን እንደሚከፍል ልንገራችሁ። አብዛኛው ሰው አምስት ሳንቲም አያወጣም። የካንዲ ክራሽ ባለቤት ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲገባ ሒሳቡን ለሕዝብ ማሳየት ግድ ሆነበት። በ2013 የመጨረሻ ሩብ ዓመት በወር 304 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይጫወትለት ነበር፤ የከፈሉት ግን 12 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። ከመቶ አራት ሰው ማለት ነው። በዚያው 2014 ስወርቭ የተባለ ድርጅት ባወጣው ጥናት ደግሞ የስልክ ጌሞች የውስጥ ሽያጭ ግማሹ የሚመጣው ከተጫዋቹ 0.15 በመቶ ከሚሆነው ብቻ ነበር። እነዚህን ሰዎች በሙያው ቋንቋ «ዓሣ ነባሪ» እንላቸዋለን። ፊት ለፊታቸው አይባልም።

ታዲያ የማይከፍለው ሕዝብ ለምን አይባረርም? እሱ ከሌለ አዳራሹ ባዶ ነው። ሠርግ ላይ ታዳሚ ባይኖር ሙሽራው ለማን ይለብሳል? በነፃ የምትጫወቱ ሰዎች፣ ታዳሚዎቹ እናንተ ናችሁ። ከዚያ በተረፈ ሽልማት ለማግኘት ማስታወቂያ ታያላችሁ፤ የእናንተን ሒሳብ አስተዋዋቂው ይከፍልላችኋል።

ወደ ደቂቃዋ ልመለስ። ካንዲ ክራሽ አምስት ነፍስ ይሰጣችኋል፤ አንዷ ካለቀች እስክትተካ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። አምስቱም ካለቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ብዙ ሰው ይህን «ክፈሉ» የሚል ግፊት ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኛ ዘንድ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አለው፦ ሰውዬው ሳይጠግብ እንዲነሣ ያደርገዋል። ጠግቦ የተነሣ አይመለስም፤ ያልተመለሰ ደግሞ አይከፍልም።

አሁን የምትሸነፉባትን ቅጽበት ቀረብ ብላችሁ እዩ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷችኋል፣ እንቅስቃሴያችሁ ግን አለቀ። ጌሙ ወዲያው «ተሸንፋችኋል» አይልም። መስኮት ይከፈታል፤ አምስት ተጨማሪ እንቅስቃሴ በጥቂት ወርቅ። የ«ቀጥል» ቁልፍ ወፍራምና ደማቅ ነው፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። መዝጊያዋ ምልክት ጥግ ላይ ቀጥናለች። ብትዘጉት እንኳ በብዙ ጌሞች ሁለተኛ መስኮት ይመጣል፤ እስካሁን የሰበሰባችሁት ምን ምን እንደሚጠፋ ይዘረዝርላችኋል። ያቺ መስኮት በደርዘን መልክ ተሠርታ፣ ለተለያየ ሰው ተለያይታ ታይታ፣ ብዙ የሸጠችው የቀረች ናት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጌም ከፍተው የተለያየ የቅናሽ ጥቅል ቢያዩ አይደነቁ።

የመጀመሪያው ጥቅል ብዙ ጊዜ 0.99 ዶላር ነው፤ በውስጡ የታጨቀው ግን ከዋጋው እጅግ ይበልጣል። ማንም የሚቸኩለው ለዚያች 99 ሳንቲም አይደለም፤ አፕል ወይም ጉግል ድርሻቸውን ይቆርጡባታል። መደበኛው ድርሻ ለዓመታት 30 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፤ ከ2021 ወዲህ ገቢው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማያልፍ አልሚ 15 በመቶ ሆኗል። የሚፈለገው ካርዱ ስልኩ ላይ እንዲመዘገብና እጁ እንዲለምድ ነው። አንዴ የከፈለ ሰው ሁለተኛውን ብዙ አያስብበትም።

ሁለተኛው ዘዴ ዋጋውን ማደብዘዝ ነው። ለዚህ ነው ጌሙ የራሱ ገንዘብ ያለው። ጌንሺን ኢምፓክት የተባለውን ጌም ውሰዱ፤ ጀግና የሚገኘው በዕጣ ነው። አንድ ጊዜ ዕጣ ለማውጣት 160 ክሪስታል ያስፈልጋል፤ ትንሿ ጥቅል ግን 60 ትይዛለች፣ ዋጋዋ 0.99 ዶላር። ሁለት ብትገዙ 120፣ አይበቃም። ሦስት ብትገዙ 180፤ አንድ ዕጣ ወጥታ 20 ትተርፋለች። ያቺ 20 ስህተት አይደለችም፤ ቀጣዩን ግዢ የምትጠራው እሷ ናት። አሁን ትልቁን ሒሳብ እንሥራ። ከሁሉ ብርቅ የሆነው ባለ አምስት ኮከብ ጀግና የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው፤ 90 ጊዜ ካወጣችሁ ግን አንዱ ግድ ይወጣል። 90 በ160 ሲባዛ 14,400 ክሪስታል ነው። የ99.99 ዶላሩ ጥቅል ከነምርቃቱ 8,080 ስለሚይዝ ሁለት ያስፈልጋል። ዕድል ያልቀናው ሰው 200 ዶላር ከፍሎ፣ የወጣለት ጀግና የሚፈልገው ላይሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግን 200 ዶላር የሚል ቁጥር አንዴም አይታይም። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የዚህን ጌም አከፋፋይ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣ እንዳይሸጥ ያስማማው፣ እውነተኛውን ወጪና ዕድል ይሸፍናል ብሎ ከከሰሰው በኋላ ነው።

ዕድሉ በግልጽ ሲጻፍማ ደግ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሜፕልስቶሪ ባለቤት ኔክሰን የአንዳንድ ተፈላጊ ዕጣዎችን ዕድል ዜሮ አድርጎ ለተጫዋቹ ሳይናገር ሲሸጥ ተገኝቶ፣ በጥር 2024 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን 11.6 ቢሊዮን ወን ቀጥቶታል። ቻይና ዕድሉ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያስገደደችው በ2017 ነው፤ ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚገዛ የዕጣ ሣጥን ቁማር ነው ብላ ከለከለች።

ደቂቃዋን አልጠብቅ ያለም አለ። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ 2022 ለተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካው ኮሚሽን ክስ ምን ይል ነበር? ጌሙን ከእንቅልፍ ሁነታ ለማንቃት የነካ፣ ጌሙ እየተጫነ ሳለ ቁልፍ የጫነ፣ ዕቃውን ለማየት ብቻ የሞከረ ሰው ሳያስበው ይገዛል። ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ ገዝተዋል። ክፍያውን በባንክ በኩል የተከራከረ ሰው ደግሞ አካውንቱ ተቆልፎበታል።

አገር ቤት ያለው የፐብጂ ተጫዋች ሌላ መንገድ አበጅቷል። ካርዱ ብዙ ጊዜ በዶላር ስለማይከፍል ዩሲ (የጌሙን የውስጥ ገንዘብ) የሚሸጥ ሰው በቴሌግራም ያፈላልጋል፤ በቴሌብር ብር ይልካል፤ የጌም መለያ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ይጠብቃል። አድካሚ ነው፣ ግን ለእኛ ሥራ ጠላት ነው፦ ብሩን ልኮ፣ መልስ ጠብቆ እስኪገባለት ድረስ ያቺ የጋለች ደቂቃ ትበርዳለች፤ ዋጋውንም በብር ያየዋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለው የአክስቱ ልጅ ይህ መከላከያ የለውም። የእናቱ ካርድ ስልኩ ውስጥ ነው፤ በጣት አሻራ በሁለት ሰከንድ ያልቃል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ካርዱን ከልጁ ስልክ አውጡት፤ ማውጣት ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ግዢ የእናንተን የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉት። ለምትጫወቱት ደግሞ አትክፈሉ አልልም፤ የወደዳችሁትን ጌም ሠሪ መደገፍ ነውር የለውም። ግን ስትሸነፉ በሚከፈተው መስኮት ላይ አትግዙ። ጌሙን ዝጉ፣ ዋጋውን ከዩሲና ከክሪስታል ወደ ብር ወይም ዶላር መልሱ፣ በማግሥቱ አሁንም ካማራችሁ ግዙ። የእኛ ሱቅ የተሠራው ለጋለ ሰው ነው፤ ቀዝቅዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙም አይገዛም።