ኤቲፒ፦ ዳገት የሚያስወጣው ሞለኪውል

ከሳንቃበር ወደ ግጭ በሚያወጣው የስሜን ዳገት ላይ ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንሽ ተራምዶ ቁና ቁና መተንፈስ ይጀምራል። ጓዙን የጫነለት በቅሎ ነጂ ግን ወሬውን ሳያቋርጥ ይወጣል። የሁለቱም ጡንቻ የሚሠራው በአንድ ሞለኪውል ነው፤ አዴኖሲን ትራይፎስፌት፣ ባጭሩ ኤቲፒ።

ጀርመናዊው ካርል ሎማን እ.ኤ.አ. በ1929 ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው ይህ ሞለኪውል ሦስት ፎስፌቶች በተከታታይ ተያይዘውበታል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የዳሩ ፎስፌት ሲለይ ጉልበት ይለቀቃል፤ ጡንቻ የሚኮማተረው በዚህ ነው። የሚቀረው ኤዲፒ ይባላል፤ ፎስፌት ተመልሶ ሲገጠምለት ዳግም ኤቲፒ ይሆናል።

ኤቲፒን እንደ ስንቅ ማሰብ ግን ያሳስታል። ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያኖረው ስብና ግላይኮጅን ነው። ኤቲፒው በመላ አካላችን ቢሰበሰብ ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ያለውን በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሕዋስ ያለ ዕረፍት ይሠራዋል። በቀን የምንሠራውና የምንጠቀመው ኤቲፒ ተደምሮ ከራሳችን ክብደት ጋር ይቀራረባል።

ዋናው ሥራ የሚካሄደው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። በቅሎ ነጂው በጥብጦ የጠጣው በሶ ስታርቹ ሆድ ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል። ከግሉኮሱ የተወሰዱ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበሉ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ዘንድ ይደርሳሉ። በዚህ መካከል ፕሮቶኖች ከሚቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ማዶ ይከማቻሉ። ወደ ውስጥ የሚመለሱት ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባለው ኢንዛይም በኩል ነው፤ ውኃ የወንዝ ወፍጮን እንደሚያዞር ያዞሩታል። ይህ ለማስረዳት ብቻ የተባለ አይደለም፤ ኢንዛይሙ የምር ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጃፓን ተመራማሪዎች የሚያበራ ክር አስረውበት ሲዞር በማይክሮስኮፕ አይተውታል። አንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይሰጣል።

ኦክስጅን ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይቆማል። ከአንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ ያገኝ የነበረ ሕዋስ 2 ብቻ ይቀረዋል።

የስሜን ሰው ጉዳይ የሚደንቀኝ ለዚህ ነው። በ3530 ሜትር ከፍታ የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በዚህ ከፍታ፣ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። የአንዲስ ደገኛ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፤ የቲቤቱ በደሙ የሚዞረው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። ስሜን ላይ ሁለቱም አልታዩም። ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከሄሞግሎቢናቸውም 95.3 በመቶው ኦክስጅን ተሸክሟል። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጤነኛ ሰው የሚጠበቀው ልክ ይኸው ነው።