ከእንግዳ መቀበያው በፊት ያለው በር

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ፣ ጉርድ ሾላ ላይ ከባቡር ወርዶ ለስብሰባ፣ ለሠርግ ወይም ለአዳር ወደ አንዱ ሆቴል የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እንግዳ ተቀባይዋን አይደለም። ከእሷ በፊት ፈታሹ አለ። ደጃፉ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይቆማሉ፤ አጠገባቸው ጠረጴዛ፣ መዝጊያ የሌለው የበር መቃን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በቀይ መስመር የተሰረዘ የሽጉጥ ሥዕል። ባንክም፣ የገበያ ማዕከልም፣ መሥሪያ ቤትም ያው ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከመልመዱ የተነሣ ሳይጠየቅ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል። ፍተሻውን ለመድነው እንጂ አናውቀውም። ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያመልጠው፣ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ እናልፋለን።

ፍተሻ ወደ ሆቴል የመጣው ከአየር ማረፊያ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄ አባላቱ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የነበሩበት ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊጠልፍ ሲሞክር ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ይዞ ተሳፍሮ ነበር። ያስቆሙት አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ናቸው፤ በተኩስ፣ በአየር ላይ። ወር ሳይሞላ አሜሪካም በራሷ ጠለፋዎች ተማርራ በጥር 1973 እ.ኤ.አ. መንገደኛን ሁሉ መፈተሽ ጀመረች። ሆቴሎች ግን ገና ብዙ ዓመት በራቸውን ከፍተው ኖረዋል። የሆቴል ክብሩ ማንም መግባት መቻሉ ነበርና።

እኛ ዘንድ ይህ እምነት የተናጋው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ጊዮን ሆቴልና ዋቢ ሸበሌ ሆቴል፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ራስ ሆቴል ፈንጂ ፈነዳባቸው፤ ሰውም ሞተ። ጥቃቶቹ ከሶማሊያው ታጣቂ ቡድን ከአል ኢቲሃድ አል ኢስላሚያ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ዓለም ትምህርቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አማን ውስጥ ሦስት ሆቴሎች በአንድ ምሽት ተመቱ፤ ከመካከላቸው በአንዱ ሠርግ ነበር። በ2008 የኢስላማባድ ማሪዮትና የሙምባይ ታጅ፣ በ2015 የባማኮ ራዲሰን፣ በጥር 2019 ደግሞ የጎረቤታችን የናይሮቢ ዱሲት ተከተሉ። ኤምባሲና ጦር ሰፈር በግንብ ሲታጠር፣ አጥቂው ወዳልታጠረው ዞረ።

ፈታሹ አጠገብ የቆመው መዝጊያ የሌለው የብረት መፈተሻ በር ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። በሁለቱ ምሰሶዎች ውስጥ የሽቦ ጥቅሎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ። በመካከል ብረታ ብረት ካለፈ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ እሱም በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል። በሩ የሚጮኸው ይህን ምላሽ ሲያገኝ ነው። ለማግኔት የማይታዘዙት ወርቅ፣ መዳብና አሉሚኒየም ሳይቀሩ ያስጮኹታል። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ፣ ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነቱ ውስጥ ለመፈለግ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ጥይቱን አላገኘውም፤ የአልጋው የብረት ሽቦዎች መሣሪያውን እንዳሳሳቱት ይነገራል።

የበሩ ችግር ዛሬም ይኸው ነው፤ የሚያውቀው ብረታ ብረትን ብቻ ነው። ባሩድ አያይም፣ ፕላስቲክ ፈንጂ አይሸተውም። ምን ያህል ብረት ሲያገኝ እንደሚጮህ የሚወስነውም የሚያስተካክለው ሰው ነው። ንቃቱን ከፍ ሲያደርጉት ለቁልፉም ለቀበቶውም ይጮሃል፤ ፈታሹም ከሰዓታት በኋላ ጩኸቱን መስማት ያቆማል። በጥርና በሚያዝያ ቅዳሜ ቀን የሠርግ ታዳሚ ሲገባ ቆሞ ማየት ነው። ሚዜዎቹ ያልፋሉ፣ ይጮሃል፤ ወርቅ ያጠለቁ እናቶች ያልፋሉ፣ ይጮሃል፤ ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ ይጮሃል፣ ፈታሹም መስቀሉን ተሳልሞ ያሳልፋቸዋል። አክብሮቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን በሩ ጮኾ ማንም ካልጠየቀ በሩ የቆመው ለጌጥ ነው።

ሻንጣ የሚገባበት የኤክስሬይ ማሽን ያላቸው ትልልቆቹ ሆቴሎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀለም ትርጉም አለው፦ ምግብ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ አብዛኛው ፈንጂም ጭምር ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ ብረት ሰማያዊ፣ የተደባለቀው ደግሞ አረንጓዴ። እንግዲህ በርበሬም ሽሮም ብርቱካናማ ነው። ከአገር ቤት ስንቅ የያዘ ሻንጣ ደጋግሞ የሚከፈተው ለዚህ ነው። መኪና ለሚያስገባ ደግሞ መስታወት አለ፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚገባ። ጎርበጥ ያለ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ያሳያል። ከጭስ ማውጫው ጎን ባዕድ ነገር ተጣብቆ እንደሆነ የሚለየው ግን የመኪናን ሆድ ብዙ ጊዜ ያየ ሰው ብቻ ነው።

መሣሪያን ብቻ ማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ኢራቅ በደም ተምራዋለች። ኤዲኢ 651 የሚባል፣ አንቴና ያለው የእጅ መሣሪያ ፈንጂ ያሸታል ተብሎ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ በየኬላው ቆመ። ውስጡ ምንም አልነበረም። ሻጩ እንግሊዛዊ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 እ.ኤ.አ. አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ ፈንጂ የጫኑት መኪኖች ግን ለዓመታት በዚያ መሣሪያ ፊት አልፈው ነበር።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው ሰውየውና ሴትዮዋ ላይ ነው። ጎበዟን ፈታሽ ሥራዋን ሲያዩ መለየት ይቻላል። መጀመሪያ ፊት ታያለች፣ ቦርሳው ቀጥሎ ነው። «እማማ፣ ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ» ትላለች። «ድፎ ነው ልጄ፣ ለሙሽሮቹ» ሲሏት ፈገግ ትልና ድፎውን ከሥሩ በመዳፏ ከፍ አድርጋ ክብደቱን ትለካለች። አላዋረደቻቸውም፤ ሳታይም አላሳለፈቻቸውም። ይህን ችሎታ ማሽን አይሸጥም። ብዙ ሆቴሎች ግን ፈታሾቻቸውን የሚያገኙት ከጥበቃ ኤጀንሲ ነው፤ ሆቴሉ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው የራሱን ድርሻ አንሥቶ ለሠራተኛው ይሰጣል። ከሕንፃው ሁሉ ትልቁ ኃላፊነት የተጣለው ዝቅተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ሰዎች በአንዱ ላይ መሆኑ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሌላ ሥርዓት ይጠብቀዋል። ናይሮቢ፣ ሙምባይና ጃካርታ ላይ ከእኛ የማይለይ፣ አንዳንዴም የጠበቀ ፍተሻ አለ። ዱባይና ጓንግዙ ላይ ከሻንጣው ይልቅ ሰነዱ ይመረመራል፤ ፓስፖርት ሳይገለበጥና ሳይመዘገብ ቁልፍ የለም፣ ቻይና ውስጥም ምዝገባው በቀጥታ ለፖሊስ ይደርሳል። አሜሪካና አብዛኛው አውሮፓ ሲደርስ ማንም አይነካውም፤ ከዚያ የሚመጡ ዘመዶቻችን እዚህ ሲፈተሹ የሚገረሙትም ለዚህ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ የሙዚቃ ድግስ ታዳሚዎችን የፈጀው ሰው ግን በአንድ ሆቴል 32ኛ ፎቅ ላይ ወደያዘው ክፍል ከ20 በላይ ጠመንጃ በሻንጣ ሲያመላልስ ቀናት ወስዶበት ነበር። የጠየቀው አልነበረም።

ለእኛ ሆቴሎች ትልቁን ትምህርት የያዘችው ግን ጃካርታ ናት። ሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ማሪዮትና ሪትዝ ካርልተን ሲፈነዱ ሁለቱም የፊት በራቸው ላይ ጥብቅ ፍተሻ ነበራቸው። ማሪዮት ቀደም ብሎ በ2003 ተመትቶ ነበርና። ከአጥቂዎቹ አንዱ ግን ከፍሎ አልጋ የያዘ እንግዳ ነበር፤ ፈንጂውን ያስገባው ደግሞ ሆቴሉ ውስጥ አበባ የሚያሰናዳ ሠራተኛ ሲሆን የገባበትም በዕቃ ማስገቢያው በኩል ነው። ጉርድ ሾላም ሆነ ቦሌ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ማለዳ የቲማቲም ሣጥን፣ የቢራ ሳንዱቅና የጋዝ ሲሊንደር የሚወርድበት በር አለ። እዚያ የሚቆመው ብዙ ጊዜ መዝገብ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ገንዘብ ካለው ሁለተኛ የብረት መፈተሻ በር ለፊት ከመግዛቱ በፊት በሠለጠነና በደንብ በሚከፈለው ሰው ይህን የኋላ በር ያስጠብቅ።

እንግዳውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ እንዲፈተሽ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቦርሳን ከሌላው ሰው ፊት ራቅ ብሎ ራስ መክፈትም እንዲሁ። ለነፍሰ ጡር የብረት መፈተሻው በር ጉዳት የለውም፤ ኤክስሬይ የሚነሣው ሻንጣው ብቻ ነው። ልቡ ላይ ማሽን የተገጠመለት ሰው በበሩ ሳይቆም ማለፍ ይችላል፤ የእጅ መፈተሻውን ግን ደረቱ ላይ እንዳያቆዩበት አስቀድሞ ይንገራቸው።