ከአዋሽ ትንኝ እስከ ዓለም መጽሔት

የአንድ የሕክምና ሳይንስ ተመራማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ይለካል፤ ባሳተማቸው ጽሑፎች ብዛትና ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያን ጽሑፎች በጠቀሱበት መጠን። ሁለቱን የሚያጣምረው ኤች ኢንዴክስ የተባለው መለኪያ ሲሆን፣ ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ.። ኢንዴክሱ 20 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

የአፋር ከተሞች በእንዲህ ዓይነት በሚጠቀሱ ጽሑፎች ውስጥ የገቡት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ በተባለች ትንኝ ምክንያት ነው። ይህች ከእስያ የመጣች የወባ አስተላላፊ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። መሸሻ ባልከውና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት አሰሳ የአፋሮቹን ሰመራንና አዋሽ ሰባት ኪሎን ጨምሮ 10 ቦታዎችን ሲዳስስ፣ ትንኟ በሁሉም ተገኘች።

ወሳኙ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ የአገሩን ወባ ታስተላልፋለች ወይ? ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቹ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተሰበሰቡ ትንኞችን አሳድገው የሕሙማን ደም መገቧቸው። በ2021 የታተመው ውጤት ትንኟ ቫይቫክስና ፋልሲፓረም የተባሉትን ሁለቱንም የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን እንደምትቀበል አሳየ። በ2023 ደግሞ በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ያላት ግንኙነት በኔቸር ሜዲስን መጽሔት ወጣ።

እነዚህ ጽሑፎች ስለ ከተማ ወባ በሚጻፉ ጥናቶች ይጠቀሳሉ። ቁጥሩ ግን የሥራውን ዋጋ በከፊል ብቻ ያሳያል፤ በጥናቱ ተመርቶ ትንኟ የምትራባበትን የውሃ ማጠራቀሚያ የሚያስከድን የጤና ባለሙያ ጽሑፍ አይጽፍም፣ ስለዚህ በጥቅስ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።