ሩት ካናል ያስፈልግዎታል ሲባሉ
ከመስማማትዎ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በቡጎሎቢ የምንኖር ስደተኞች ለሕክምና የምናወጣው ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የሚቀነስ መሆኑ የታወቀ ነው። በተለይ የጥርስ ሕመም ድንገት የሚመጣ፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ የሕክምናው ዋጋም የሚያስደነግጥ በመሆኑ ብዙ ወገኖቻችን ከክሊኒክ ሲመለሱ «ሩት ካናል ይሠራልህ አሉኝ፤ እውነት ያስፈልገኛል ወይስ ገንዘቤን ፈልገው ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪምን መተካት ሳይሆን፣ ይህ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ምን ጠይቆና ምን አገናዝቦ ሊወስን እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንመልከት። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ነው። ከእርሱ ሥር አጥንት የመሰለ ሌላ ሽፋን አለ። በመካከል ደግሞ እስከ ሥሩ ጫፍ በቀጭን ቦይ የሚወርድ፣ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። ሰው በተለምዶ «ነርቩ» የሚለው ይህንን ነው፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ጥርስ ሲነቅዝ ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ወደ ነርቩ ሲቃረብ ነርቩ ይቆጣና ያብጣል፤ ነገር ግን ዙሪያው ደረቅ ግድግዳ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። የጥርስ ሕመም እንዲያ የሚበረታው ለዚህ ነው።

በሩት ካናል ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ የታመመውን ነርቭ ያወጣል፤ ቦዮቹን አጥቦና አስፍቶ ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከዛፍ በሚገኝ ላስቲክ መሰል ነገር ይደፍናቸዋል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው መንጋጋ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት አለው። የመንጋጋ ሥራ የሚረዝመውና የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ነርቩ ሕያው ነው ወይስ ሞቷል?

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ጥርሴ ምን ያህል ያመኛል?» የሚለው ሳይሆን «ነርቩ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» የሚለው ነው። ለዚህም የሕመሙ ጠባይ ብዙ ይናገራል።

ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ነዘር አድርጎ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የሚጠፋ ሕመም ነርቩ ሕያው መሆኑንና ሊያገግም እንደሚችል ያመለክታል። እንዲህ ያለ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የነቀዘው ተጠርጎ ቢሞላ ይበቃዋል። ሌላ ምክንያት ሳይነገርዎ ለዚህ ብቻ ሩት ካናል ከታዘዘልዎ፣ ቆም ብለው መጠየቅ ይገባዎታል።

በአንጻሩ ቀዝቃዛው ነገር ከተወሰደ በኋላም የሚቆይ፣ ምንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ፣ ጋደም ሲሉ የሚብስና ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሚጠዘጥዝ ሕመም ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው ትኩስ ቡና ፉት ሲል ጉንጩን ይይዛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ በአፉ ሲያቆይ ግን ፋታ ያገኛል። ይህ ነርቩ ሊመለስ ከሚችልበት ደረጃ ለማለፉ ከታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ሩት ካናል ቢል ገንዘብ ፍለጋ ነው ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚታለለው ግን በሦስተኛው ሁኔታ ነው። ለሳምንት ሲያሰቃይ የሰነበተ ጥርስ በድንገት ዝም ይላል። «ተመስገን፣ በነጭ ሽንኩርት ዳንኩ» ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሆነው ነርቩ መሞቱ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ነገር ግን በሥሩ ጫፍ በኩል ጀርሞች ወደ አጥንት ይገባሉ። ከወራት በኋላ ድድ ላይ እንደ ብጉር ያለች፣ እየፈነዳች መግል የምታወጣና ተመልሳ የምትሞላ ነገር ትታያለች። ሕመም የለም ተብሎ የሚተው ጥርስ ይህ ነው፤ ሕክምናው የግድ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው።

በመካከል ደግሞ ግልጽ ያልሆነ ጊዜ አለ። ሐኪም ራሱ እርግጠኛ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጊዜያዊ መሙያ አድርጎ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ የታወቀ አሠራር እንጂ ቸልተኝነት አይደለም። «ትንሽ ጠብቀን እንየው» የሚል ሐኪም አላዋቂ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን የበለጠ አምነዋለሁ።

ምን ተመርምሮ ነው የታዘዘው?

እንግሊዝኛ ስለማውቅ በአስተርጓሚነት ሰዎችን ወደ ጥርስ ክሊኒክ አጅቤ ሄጄ አውቃለሁ። በአንዳንዱ ቦታ በሽተኛው አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ ትእዛዙ ይጻፋል። ይህ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ነገር መደረግ አለበት።

አንደኛው የቅዝቃዜ ምርመራ ነው። ሐኪሙ በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ በተጠረጠረው ጥርስና በጎረቤቶቹ ላይ ያስነካል። ቁም ነገሩ ማነጻጸሩ ነው። ጎረቤቶቹ ተሰምቷቸው ይህኛው ምንም ካልተሰማው ነርቩ ሞቶ ይሆናል፤ ሁሉም እኩል ተሰምቷቸው እኩል ከጠፋ ግን ነርቩ ደኅና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሁለተኛው ጥርሱን በመሣሪያ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፣ ድዱን መጫንና በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ማየት ነው። ሦስተኛው ራጅ ነው።

ስለ ራጅ አንድ ነገር ልጨምር። ራጅ ነርቩ ሕያው መሆኑን ወይም መሞቱን አያሳይም፤ የሚያሳየው የቀዳዳውን ጥልቀትና በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለውን አጥንት ነው። አጥንቱ ብዙ ካልተበላ ደግሞ ጥቁር ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ ራጅ ብቻ አይቶ መወሰንም በቂ አይደለም። ሐኪሙ ራጁን አሳይቶ በጣቱ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ይውሰዱ። የከፈሉበት ነው፤ ሁለተኛ ሐኪም ለማማከር ቢፈልጉም እንደገና ከመክፈል ያድናል።

ጥርስ መስሎ ጥርስ ያልሆነም አለ። ሳይነስ ሲያብጥ የላይኛው መንጋጋዎች በጅምላ ያማሉ፤ ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። በጥርሶች መካከል የተቀረቀረ ሥጋ ድድን አቁስሎ ነርቭ የታመመ ሊያስመስል ይችላል። በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት መንጋጋን ሁሉ ያሳምማል፤ ከጭንቀት ጋር ስለሚያያዝ በእኛ ሕይወት ብርቅ አይደለም። አዲስ የተሞላ ጥርስም ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ ሊያስፈራው ይችላል። ሲነክሱበት ብቻ የሚያም ከሆነ መሙያው ከፍ ብሎ ይሆናልና በጥቂቱ መሞረድ ሊበቃ ይችላል።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ ለመጣን ሰዎች ደግሞ ይህ ይታወቅ፦ የጥርሳችን ቡናማነት በልጅነት ከጠጣነው ፍሎራይድ ከበዛበት ውኃ የመጣ ነው። ቀለሙ ብቻውን የነርቭ በሽታ ምልክት አይደለም። ሁሉም ሳይሆን አንድ ጥርስ ብቻ፣ በተለይም ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ፣ ግራጫ እየሆነ ከመጣ ግን ነርቩ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ሌላ አማራጭ አለ ወይ?

ነርቩ ሕያው ከሆነ አለ። ቀድሞ የነቀዘው ሁሉ እስከ መጨረሻው ተፍቆ ነርቩ ሲጋለጥ ሩት ካናል ይሠራ ነበር። አሁን ግን በነርቩ አጠገብ ያለውን ትንሽ የለሰለሰ ክፍል ትቶ ከላይ አጥብቆ መድፈን ነርቩን ሊያተርፍ እንደሚችል ታውቋል። የአውሮፓ የኢንዶዶንቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ይህን አሠራር ደግፏል። ነርቩ ቢጋለጥም በመድኃኒት መሸፈን ወይም የላይኛውን ክፍል ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ነርቩን ሳያወጡ ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአዋቂ ጥያቄ ነው፤ አያሳፍርም።

ነርቩ ከሞተ ወይም ከማይመለስበት ደረጃ ከደረሰ ግን ምርጫው በሩት ካናልና በመንቀል መካከል ነው። «ምንም አለማድረግ» የሚባል ሦስተኛ ምርጫ የለም። ያለን አቅም መንቀል ብቻ ከሆነ መንቀል ነውር አይደለም። የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ከድድ በታች ድረስ ከተሰነጠቀ፣ ገንዘብ ያለውም ሰው ቢያስነቅል ይሻለዋል። የፊት ጥርስ ወይም ሌላው መንጋጋ ከሆነና የሚቀረው አካሉ ጠንካራ ከሆነ ግን ማትረፉ ይመረጣል።

ዋጋውን ሲጠይቁ ጠቅላላውን ይጠይቁ። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ክራውን የሚባለው ሽፋን ያስፈልገዋል። ብዙዎች የሩት ካናሉን ብቻ ከፍለው ለሽፋኑ ሳይበቃቸው ይቀራል፤ ጥርሱም ይሰበርና ገንዘቡ ይባክናል። ከዚህ የባሰው በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ሲቆም ሳይመለሱ መቅረት ነው። ጊዜያዊ መሙያ እንደ ስሙ ጊዜያዊ ነው። ለማስጨረስ የማይችሉ ከሆነ አይጀምሩ። ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ተራ የሚጠብቁም «እዚያ በነፃ እታከማለሁ» ብለው የበሰበሰ ጥርስ ይዘው አይቆዩ። በአሜሪካ እንኳ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች የሚሰጠው የጥርስ ሽፋን ከስቴት ስቴት ይለያያል።

በስልክ ስለሚዞረው ወሬ ደግሞ፦ ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ካንሰርና የልብ በሽታ ያመጣል የሚለው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. ዊልያም ሃንተር የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም በካናዳ ሞንትሪያል ባደረገው ንግግር ብዙ በሽታዎችን ከአፍ ውስጥ ቁስለት ጋር አያያዘ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአሜሪካና በእንግሊዝ እጅግ ብዙ ጥርስ ተነቀለ፤ በሽተኞቹ ግን ከበሽታቸው አልተፈወሱም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሐሳቡን ውድቅ አድርገውታል። ሩት ካናልን ላለማሠራት በቂ ምክንያት ሊኖርዎ ይችላል፤ ይህ ግን ምክንያት አይደለም።

ልጆችን በሚመለከት፣ በወተት መንጋጋ ላይ የሚሠራው ከአዋቂው የቀለለ ሲሆን ብዙ ጊዜ የነርቩ የላይኛው ክፍል ብቻ ይወጣል። ሳይነቅዝና ሐኪም ሳያየው የሕፃን ጥርስ መነካት ግን ፈጽሞ የለበትም። ይህን የምለው በአገራችን ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱን ከድዱ ፈልቅቆ የማውጣት ልማድ ስላለ ነው። በዩጋንዳም «ኢቢኖ» እያሉ ይህንኑ ያደርጋሉ። ተቅማጡ ከጥርስ የመጣ አይደለም፤ ባልጸዳ መሣሪያ የሚደረገው ቁስል ግን ሕፃን ይገድላል።

የማይጠበቅበት ጊዜ

አንቲባዮቲክ ስለ መግዛት ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሞክሲሲሊን ውጦ የጥርስ ሕመም ማዳን አይቻልም፤ በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ አይደርስበትም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ጥርሱን ወዲያው ማከም በሚቻልበት ቦታ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። አስፒሪን ጨፍልቆ ድድ ላይ ማድረግም ድድን ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም።

ነገር ግን ፊትዎ ካበጠ፣ እብጠቱ ከአገጭ በታች ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሁለተኛ ሐኪም ማማከሩ ይቅርና በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው።

ምክር ለመጠየቅ ከቡጎሎቢ ሩቅ አይደለንም። ሙላጎ ሆስፒታል የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት የጥርስ ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜንጎ ሆስፒታልም የጥርስ ክሊኒክ አለው። በዩጋንዳ ከ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንግሥት ሆስፒታሎች ከግል ክፍሎች በስተቀር የሕክምና ክፍያ የተነሣ ቢሆንም፣ የትኛው የጥርስ ሥራ እንደሚከፈልበት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በአነስተኛ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራው መንቀል ስለሆነ፣ እዚያ «ይነቀል» ቢሉዎ ጥርሱ አይድንም ማለት ላይሆን ይችላል። ወደ ግል ክሊኒክ ከሄዱ ሐኪሙ በዩጋንዳ የሕክምናና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት የተመዘገበና የዘንድሮ ፈቃድ ያለው መሆኑን ግድግዳው ላይ ይመልከቱ።

ከመሄድዎ በፊት ሕመሙ መቼ እንደሚነሣ፣ ስንት ሴኮንድ ወይም ደቂቃ እንደሚቆይ፣ የሚያስነሣው ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ መሆኑን፣ ሌሊት እንደሚቀሰቅስ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። የተወሰደ ማስታገሻ ካለ ሰዓቱን ይንገሩ፤ ማስታገሻ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። አስተርጓሚ ካልተገኘ በሉጋንዳ «ኤሪኞ ሊኑማ» ማለት ጥርሴን ያመኛል ማለት ነው። የቀረውን ጽሑፉን የሚያነብልዎ ሰው ካለ ወረቀቱ ይናገርልዎታል።