መጠጥ የማይቀርብበት አውሮፕላን

ከኡካም ሆነ ከመቱ ተነስቶ ጅዳ የሚሄድ ሰው አለ። አንዱ ለሐጅ፣ ሌላው ለሥራ፣ ሌላው ዘመድ ለመጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ከሚበሩት አንዱ የሳውዲ አረቢያ አየር መንገድ ነው። በዚህ አውሮፕላን አረቄ፣ ቢራና ወይን ጠጅ አይቀርቡም። ለምን ቢባል፣ እስልምና መጠጥን ይከለክላል። የግብጽና የኩዌት አየር መንገዶችም አያቀርቡም።

ታዲያ ተሳፋሪው ምን ያገኛል? ምግብ፣ ውሃ፣ ሻይ፣ ቡናና ጭማቂ ይሰጠዋል። አስተናጋጇን «መጠጥ አምጪ» ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነው። የሌላትን ከየት ታምጣ? አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል የመንገድ ጸሎት ይሰማል። ክርስቲያኑ አብሮ ጸልይ አይባልም፤ ዝም ብሎ ማዳመጥ ግን ጨዋነት ነው። ቀበቶ እንታጠቅ፤ ሲጋራ አናጭስ። ሰክሮ የመጣን ሰው አየር መንገዱ ሳያሳፍር ሊያስቀረው ይችላል።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ጓዛችን ላይ ነው። እኛ ዘመድ ጋ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ቡና ብንቋጥር መልካም ነው። ጠጅና አረቄ ግን በጭራሽ! በሳውዲ አረቢያ መጠጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ጫትም ክልክል ነው። ይዞ የተገኘ ዕቃው ይወረሳል፤ እሱም ይታሰራል። «ለወንድሜ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠንን ጥቅል ሳንፈታ አንቀበል። «የሰው አደራ ነው፤ አላወቅሁም» ማለት ከእስር ላያድን ይችላል።

ቤታችን የመጣ እንግዳ ደንባችንን ሲያከብር ደስ ይለናል። እኛም በሰው አውሮፕላንና በሰው አገር እንግዶች ነን።