በስልክ መልእክት ስለምንልከው የሰው ምሥጢር



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጉድጓድ ውሃ ወይም ስለ ምርጥ ዘር ሳይሆን፣ ሁላችን በኪሳችን ይዘን ስለምንዞረው የእጅ ስልክና በእርሱ ስለምንላላከው መልእክት ነው። ይህ ከእርዳታ ሥራችን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ2015 ዓ.ም. በምሠራበት አካባቢ ዝናብ በመቅረቱ እህል ለማከፋፈል 63 ቤተ ሰቦችን መዝግበን ነበር። በመዝገቡ ላይ ስም፣ ቀበሌ፣ የስልክ ቁጥርና የቤተ ሰብ ብዛት ሰፍሯል፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ምርመራ» በሚለው ሥር ቤተ ሰቡ ለምን እንደ ተቸገረ ተጽፏል። መኪናው በማግሥቱ ስለሚነሣ፣ ሥራው እንዲፋጠን ብዬ ገጾቹን በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼ በፕሮጀክቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ላክሁ። በግሩፑ ውስጥ 141 ሰዎች ነበሩ። ሥራ ከለቀቁ ዓመታት ያለፏቸው፣ አንድ ጊዜ እህል የጫኑልን ሾፌሮች፣ ማን እንዳስገባቸው የማናውቃቸውም ይገኙባቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ስቆጥር ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እንጀራ እየሸጡ የልጅ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ አንዲት እናት ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ «ከእርዳታው ቢሮ ነን» ብሎ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና የልጆቹን ብዛት ሳይሳሳት ስለ ነገራቸው አመኑት። በስልካቸው የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ቀጥሎም የምሥጢር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸው ገንዘብ በዚያው ቀን ተወሰደ። ገንዘቡ እንኳ በጉባኤው መዋጮ በከፊል ተተካ። ያልተተካው «ምርመራ» በሚለው ዓምድ የተጻፈው የሕመማቸው ስም ነበር። ወሬው መንደር ደረሰ፤ እንጀራ ይገዟቸው የነበሩ ጎረቤቶች ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ይቅርታ ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ እኮ የነገርሁት ለአንተ ነበር» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጠያይቄአለሁ። የምንልከው መልእክት በሦስት ስፍራ ይገኛል፤ በመንገድ ላይ፣ በኩባንያው ማከማቻና በተቀባዩ ስልክ ውስጥ። ብዙዎቻችን «ተቆልፏል» ሲባል የምንሰማው ስለ መንገዱ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን በላኪው ስልክ ላይ ቆልፎ በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ የሚፈታ ስልት ይጠቀማል፤ በመካከል ያለው ኩባንያ ራሱ ቃሉን ሊያነብ አይችልም። ስልቱን ያወጡት የሲግናል ሰዎች ናቸው፤ ሲግናልም ትርፍ በማይፈልግ ድርጅት የሚተዳደር ነው።

በአገራችን እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራም ግን እንደዚህ አይደለም፤ ብዙ ወገኖች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። በተራው የቴሌግራም ውይይት መልእክቱ በመንገድ ላይ የሚቆለፍ ቢሆንም፣ በኩባንያው ማከማቻ ሲያርፍ መክፈቻው በኩባንያው እጅ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተን ስንገባ የድሮው መልእክት ሁሉ ተመልሶ የሚመጣልን ስለዚህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፍ «ምሥጢራዊ ውይይት» የሚባል ክፍል አለው፤ ነገር ግን ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚሆን ሲሆን ፈልገን መክፈት አለብን። ለግሩፕ አይሆንም። ስለዚህ በግሩፕ የተላከ የተረጂ መዝገብ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ሊቆጠር አይገባውም።

ዋትስአፕም ቢሆን በስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ ወደ ጉግል ወይም ወደ አፕል ማከማቻ ሲያስቀምጥ፣ ቅጂው እንዲቆለፍ ባለቤቱ ራሱ ካላዘዘ በስተቀር ያው መቆለፊያ አብሮት አይሄድም። ደግሞም መቆለፊያው ቃሉን ይሸፍናል እንጂ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደ ላከ አይሸፍንም፤ በታሸገ ፖስታ ላይ አድራሻው እንደሚነበብ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ኩባንያዎቹ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በቨርጂኒያ በፍርድ መጥሪያ መረጃ በተጠየቁ ጊዜ፣ የሲግናል ሰዎች ሊሰጡ የቻሉት ተጠቃሚው የተመዘገበበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር፤ ሌላ ነገር አላስቀመጡምና።

የእኔ ጥፋት ግን በመንገዱም በማከማቻውም የደረሰ አይደለም። በሦስተኛው ስፍራ፣ ማለትም በ141 ስልኮች ውስጥ ነው። የትኛውም መቆለፊያ ከተቀባዩ እጅ አያድንም። ፎቶግራፉ ወደ ስልኩ አልበም ይገባል፤ ልጆች ያዩታል፤ ስልኩ ይሸጣል፤ አንዱም ለሌላው ያስተላልፈዋል። እኔ መልእክቱን ከግሩፑ ላይ ሰርዤው ነበር፤ አስቀድሞ የተቀዳውን ግን መሰረዝ አልተቻለኝም።

ትልልቆቹም ከዚህ ዓይነት አደጋ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ የሚሆኑ የተቸገሩ ሰዎች መረጃ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች እንደ ተደፈረበት አስታውቋል። ከጦርነትና ከስደት የተነሣ ከቤተ ሰባቸው የተለያዩም ይገኙባቸዋል። ያ የደረሰው በማከማቻ ኮምፒውተር እንጂ በመልእክት አይደለም፤ ሆኖም የተቸገረ ሰው ስም ለሌባ ዋጋ እንዳለው ያሳያል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ስለ ጸሎት ግሩፖችም አንድ ነገር ልናገር፤ ቅር የሚለው ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። «እኅታችን እገሊት በዚህ በሽታ ተይዛለች፣ ጸልዩላት» ብለን የምንልከው በፍቅር ነው። ነገር ግን እኅታችንን ጠይቀናታል? በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለች እኅት ከአሠሪዋ ቤት ልትወጣ እንዳሰበች በጸሎት ርእስ ላይ ብንጽፍስ? መልእክቱ በስልኳ ፊት ላይ ሲበራ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ ሊሆን ይችላል፤ ስልኳ የሚወሰድባትም አለች። ስም ሳይጠሩ መጸለይ ይቻላል።

በእኛ ፕሮጀክት አሁን «ምርመራ» የሚለውን ዓምድ አስቀርተናል። መዝገቡ በቁልፍ በሚዘጋ ቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ በስልክ የግድ ሲላክ ከስም ይልቅ ቁጥር ተጽፎ ለአንድ ሰው ብቻ ይላካል፤ ሥራው ሲያበቃም ይሰረዛል። ሠራተኞች ሁሉ በቴሌግራምም በዋትስአፕም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርተዋል፤ የገባላቸውን ቁጥር ለማንም፣ ለአለቃም ቢሆን፣ አይነግሩም። በየወሩም «መሣሪያዎች» የሚለውን ገጽ ከፍተው አካውንታቸው በሌላ ስልክ ወይም በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ክፍት እንዳልቀረ ያያሉ። እኔ በከተማ ኢንተርኔት ቤት የረሳሁትን አንድ አግኝቻለሁ።

እናንተ ደጋፊዎቻችን ደግሞ በዚህ ዓመት የተረጂዎች ፎቶግራፍ አነሰብን ብላችሁ ጽፋችሁልናል። ምክንያቱ ይህ ነው። ፊትን፣ ስምንና መንደርን አንድ ላይ አንልክም፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድም አናነሣም። ሪፖርቱ ይደርሳችኋል፤ የእህሉን ኩንታልና የቤተ ሰቡን ብዛት ታገኙበታላችሁ።

እስከዚያው የየጉባኤያችሁን ግሩፕ ከፍታችሁ አባላቱን ቁጠሩ፤ የማታውቁት ስም ካለ ማን እንዳስገባው ጠይቁ። በእኛ 141 ነበሩ፤ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው።