ቀይ፣ ገብስማና ድርብ፦ የዶሮ መልክ ለነጋዴው ምን ይነግረዋል?

በኢትዮጵያ ገበያ ዶሮ በክብደቱ ብቻ አይሸጥም። ገዢው መጀመሪያ ላባውን ያያል፤ ቀጥሎ አናቱን። ቀይ፣ ነጭና ገብስማ አውራ ዶሮ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ሲፈለግ ዋጋው ይወጣል። ጥቁር ግን ለተለየ ጉዳይ ካልተፈለገ በስተቀር በብዙ ቦታ ዋጋ ያጣል። የአናቱ ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነ አውራም ከነጠላው ይበልጣል። በጁባ፣ በማንጋቴንም ይሁን በሌላ ሰፈር፣ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰብና ምግብ ቤት ዶሮ የሚያቀርብ ነጋዴ ይህንኑ ምርጫ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ይገጥመዋል።

ዶሮው ለእርድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚፈለገውን መልክ ገዝቶ መሸጥ ነው። ለእርባታ የሚሆን አውራ፣ ቄብ ወይም ጫጩት ሲገዛ ግን መልክ ሊያታልል ይችላል። ቀይ ከቀይ፣ ድርብ ከድርብ ስለተጋባ የሚወለደው ሁሉ እንደ ወላጆቹ አይሆንም። አንዳንዴም መልኩ ቢወጣ እንኳ እንቁላሉ አይፈለፈልም።

ገብስማ ጾታን ይናገራል

ገብስማ የሚባለው ሁሉ ዘሩ አንድ አይደለም። አንዱ ዓይነት ላባው ላይ ነጭና ጥቁር መስመር እየተፈራረቀ የሚሄድበት ነው። በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተዳቀለውና ደብረ ዘይት በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል በኢትዮጵያ የታወቀው ኮይኮይክ ይህን መልክ ይዟል።

መስመሩን የሚያመጣው ዘረ-መል ከጾታ ጋር የተያያዘ ነው። አውራው ከአባትም ከእናትም ሊወርሰው ስለሚችል ሁለት እጥፍ ይይዛል፤ ሴቷ ግን ከአባቷ ብቻ አንድ ትወርሳለች። ስለዚህ ንጹሕ ዘር ሲሆን አውራው ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ጫጩቶቹም በተፈለፈሉበት ቀን ይለያሉ፤ የወንዱ አናት ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ሰፋ ይላል።

ይህ ለአርቢ ጥሩ መሣሪያ ነው። ባለ መስመር ገብስማ ሴት መስመር ከሌለው ጥቁር አውራ ጋር ብትጋባ ወንዶቹ ጫጩቶች ገብስማ፣ ሴቶቹ ጥቁር ይሆናሉ። ግንኙነቱ ሲገለበጥ፣ ማለትም ንጹሕ ገብስማ አውራ ከጥቁር ሴት ጋር ሲሆን፣ ወንዱም ሴቷም ገብስማ ይወጣሉ። ስለዚህ ገብስማ መንጋ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ገንዘብ ማውጣት ያለበት በአውራው ላይ ነው።

ቀይ ሁሉ ቀይ አይወልድም

ቦቫንስ ብራውን የተባለችው እንቁላል ጣይ ቀይ ናት፤ ወንድሞቿ ግን ነጭ ሆነው ይፈለፈላሉ። ኩባንያዎቹ ሴቱን ከወንዱ በመጀመሪያው ቀን ለመለየት ሲሉ ቀይ አውራን ነጭ ከሚያስወልድ ሴት ጋር ያዳቅላሉ። እነዚህን እህትና ወንድም መልሶ ያጋባ ሰው ቀይም ነጭም የተቀላቀለበት ጫጩት ያገኛል፤ የእንቁላል ምርቱም እንደ እናቶቹ አይሆንም። በኢትዮጵያ የተስፋፋው ሳሶና በህንድ ተዳቅሎ በዩጋንዳ የተለመደው ኩሮይለርም ዲቃላዎች ናቸው። በኒሙሌ በኩል ወደ ጁባ ከሚገባው ዶሮ ውስጥ ዲቃላውን ለሥጋና ለእንቁላል መግዛት ያዋጣል፤ ዘር አድርጎ መሸጥ ግን ደንበኛን ያሳጣል።

ድርብ ከድርብ ሲጋባ

ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድርብ የሚባለው አናት ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ዝቅ ያሉ ሦስት መስመሮች ያሉት ነው። ሁለተኛው ሰፋ ያለ፣ ላዩ ሻካራ፣ ወደ ኋላ ሾጠጥ የሚል ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረ-መል ጥናት እንዳሳየው፣ የሁለተኛውን ዓይነት ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ አውራ የዘር ፍሬው እንቅስቃሴ ደካማ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን ችግር የለበትም። ሴቶቹም ከሁለቱም ቢወርሱ አይጎዱም።

በውጭ አገር ይህን ያወቁት ዋያንዶት አርቢዎች ናቸው። ዋያንዶት የአሜሪካ ዝርያ ሲሆን እያንዳንዱ ነጭ ላባ በጥቁር ጠርዝ የተከበበበት መልኩ በ1883 (እ.ኤ.አ.) በአገሩ የዝርያ መመዘኛ ውስጥ ገብቷል። መመዘኛው ድርብ አናት ስለሚጠይቅ አርቢው ድርብ ከድርብ እያጋባ ሲቀጥል ፍሬያማነቱ ይወርዳል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ስለዚህ ነጠላ አናት ያለውን ዶሮ ከመንጋው አያስወጡም። ለላባውም ይኸው ነው፤ ሰማያዊ የሚባለው ዋያንዶት ከመሰሉ ሲጋባ በአማካይ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ነጣ ያለ ዥጉርጉር ይሆናል።

ለድንበር ተሻጋሪው ነጋዴ መፍትሔው ቀላል ነው። ከጥሩ ዘር የተገኘ ነጠላ አውራ ከድርብ ሴቶች ጋር ሲጋባ ከጫጩቶቹ ቢያንስ ግማሾቹ፣ ሴቶቹ ንጹሕ ድርብ ከሆኑ ደግሞ ሁሉም ድርብ ይሆናሉ፤ ከነዚህ የሚወጣ አውራም ደካማ አይሆንም። ድርብ አውራ ከነጠላ ሴት ነጠላ ጫጩት ማስወለዱ ጉድለት አይደለም፤ ዘሩን ከአንድ ወገን ብቻ መውረሱን ያረጋግጣል። የአውራውን አቅም ለማወቅ የታቀፈውን እንቁላል በሰባተኛው ቀን በጨለማ ቤት በባትሪ ማየት ይበቃል። ደም ሥር የሌለበት ጥርት ያለ እንቁላል ከበዛ፣ አውራውን ከመሸጥ በፊት በሌላ መሞከር ይገባል።

ከመግዛት በፊት

መልክ ዋጋ የሚያወጣው በወቅቱ ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ የኢትዮጵያውያን ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ የሚሆን አውራ ጾሙ ከማለቁ በፊት ተገዝቶ መንገዱን ጨርሶ ማረፍ አለበት። ከመልክ በፊት ደግሞ ጤና ይቀድማል። ፈንግል ቀይና ጥቁር አይለይም፤ የክትባት ማስረጃና የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት የሌለው ጭነት፣ ሁሉም ገብስማና ድርብ ቢሆንም፣ በአንድ የታመመ ዶሮ ምክንያት ሊያልቅ ይችላል። ለእርባታ የሚገዛ ሰው ሻጩን ስለ ዶሮው መልክ ብቻ ሳይሆን ስለ አባቱና እናቱም ይጠይቅ፤ የነገው ጫጩት መልክ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።